ምክር ቁልፍ አይሆንም

ለሰፈራችን ነዋሪዎችና ለቅሬአችን አባላት በሙሉ፤

እንደሚታወቀው የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ባለፈው ቅዳሜ ተሰብስቦ በቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ የጦር መሣሪያና ስለ ልጆቻችን ጉዳይ እስከ ምሽት ሲነጋገር ቆይቶ አንድ ውሳኔ ላይ ሳይደርስ ተበትኗል። ጉዳዩም ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ሆኗል። ከጉባኤው በፊት ግን በስብሰባው ላይ የተባሉትንና መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ነገሮች በዚህ ሰሌዳ ላይ ማውጣቱ ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት ይህንን ጽፌአለሁ። ይኼ ቃለ ጉባኤ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤው በፋይል ተይዟል። የጸሐፊው የራሱ ሐሳብ ነው። የሚቃወም ካለ በሰሌዳው በግራ በኩል ባዶ ቦታ ትቼለታለሁና ጽፎ ይለጥፍ። መቅደድ ግን ክልክል ነው። ያለፈውን የውሃ ማስታወቂያ የቀደደው ሰው ራሱን ያውቃል።

ስብሰባው ለምን እንደተጠራ ያልሰማ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ወሬው ካፍ ወዳፍ ሲዞር ብዙ ተጨምሮበታልና ልክ ልኩን ልጻፈው። ከቦኖው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቧል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የቤቱ ልጅ፣ ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ የአባቱን ሽጉጥ በሁለት እጁ ይዞ ከመኝታ ክፍል ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ። አንዲት እናት ግን፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ሳትጮህ ሳትነሣ «የኔ ጌታ፣ እስቲ እሱን እዚያው መሬት ላይ አስቀምጥና ና ቆሎ ልስጥህ» አለችው። አስቀመጠና መጣ። አባትየው ተጠርቶ ሲመጣ ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ ተገኘ። የተተኮሰ ጥይት የለም፤ የቆሰለም የሞተም የለም። «ሰው ሞቷል» እያላችሁ የምታወሩ ሰዎች እባካችሁ አቁሙ።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ልጁ ተገረፈ። ሽጉጡ ደግሞ ወደተነሣበት ፍራሽ ሥር ተመልሶ ገባ።

የኔ ክርክር እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣው ማነው? ስድስት ዓመት ያልሞላው። እንደነበረ የቀረውስ? ብረቱ። ነገ ያው ልጅ፣ ያው ፍራሽ፣ ያው ብረት ናቸው። የተለወጠ ነገር ቢኖር ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ሲያወጣው ለማንም ሳያሳይ ተደብቆ እንደሚያወጣው ማወቁ ነው።

በኮሚቴው ውስጥ አብዛኛው ሰው ያለው «የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን እንምከራቸው፣ አንድ መምህር ይምጣና መሣሪያ እንዳይነኩ ያስተምራቸው፣ ነገሩም በዚህ ይዘጋ» ነው። ይመከሩ፤ እኔም ድምፄን የምሰጠው እንዲመከሩ ነው። «በዚህ ይዘጋ» የምትለዋ ቃል ናት ያልተዋጠችልኝ። ምክሩ የአባትን ሥራ ለልጅ ማስረከቢያ ከሆነ ይቅርብን። መሣሪያን የመጠበቅ ኃላፊነት በገንዘቡ የገዛው፣ በስሙ ያስመዘገበው፣ ሪዝ ያበቀለው ሰው ኃላፊነት ነው። የአንደኛ ክፍል ደብተር የያዘ ልጅ ዘበኛ ተደርጎ አይቀጠርም።

ሁሉም አባት «ልጄን መክሬዋለሁ፣ የኔ ልጅ አይነካም» ይላል። እስቲ ይችን ቃል እንመርምራት። የማኅበራችን አባል የሆነች በሕክምና ሥራ ላይ ያለች እህታችን አሜሪካን አገር ሐኪሞች ያጠኑትን አንብባ አስረዳችኝ፤ እኔም ደጋግሜ አስነግሬ ቁጥሩን በወረቀት ያዝኩት። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2001 በሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ዕድሜአቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን ሁለትም ሦስትም እያደረጉ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። በክፍሉ መሳቢያዎች ውስጥ ውሃ የሚረጩ የመጫወቻ ሽጉጦችና አንድ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተደብቀዋል። ሐኪሞቹ ከወዲያ በሚያሳይ መስተዋት በኩል ሆነው ይመለከታሉ። ወላጆች አስቀድመው ፈቅደዋል። ከ64ቱ ልጆች 48ቱ እውነተኛውን ሽጉጥ አገኙት፤ 30ዎቹ አነሡት፤ 16ቱ ምላጩን ሳቡት። አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ካነሡትና ምላጩን ከሳቡት ልጆች ውስጥ ከመቶ ዘጠናው «ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ተምረናል» ያሉ ናቸው። ሽጉጡን ካገኙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ደግሞ መጫወቻ ይሁን እውነተኛ ይሁን አልለዩም ወይም ተጠራጥረዋል።

ተመክረዋል እኮ! ምክሩ ግን እጃቸውን አልያዘውም።

«የፈረንጅ ልጅ ስድ ነው፣ የኛ ልጅ ግን ይፈራል» ብሎ በስብሰባው ላይ የተናገረ ወንድማችን አለ። ኧረ ተው! ወንበር በወንበር ላይ ደርቦ ከቁምሳጥን አናት የስኳር ጣሳ የሚያወርደው የማን ልጅ ነው? ለረመዳን የተደበቀውን ተምር፣ ለፋሲካ የተቀመጠውን ማር ከኛ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? ልጅ ቤቱን ከባለቤቱ ይበልጥ ያውቀዋል፤ እኛ ሥራ ስንውል እሱ ይፈትሻል። ይኼም ቢሆን በጥናት የታየ ነገር ነው። በ2006 አላባማ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ሀገር ገጠር ውስጥ መሣሪያ ያለባቸው ቤቶች ወላጆችና ልጆች ለየብቻ ተጠየቁ። «ልጄ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም» ካሉት ወላጆች ከመቶ 39ኙን የገዛ ልጆቻቸው አስተባበሏቸው። «ልጄ ነክቶት አያውቅም» ካሉትም ከመቶ 22ቱን ልጆቹ «ኧረ ነክቻለሁ» አሏቸው። በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የማለው አባት ሁሉ ዛሬ ማታ ልጁን ሳይቆጣ ቀስ አድርጎ «የአባባ ብረት የት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱን ከኔ አይጠብቅም።

ጉልበቱም ቢሆን አያንሰውም። በ1995 ሐኪሞች የልጆችን የጣት ጉልበት ለክተው አብዛኛው የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ጣቱን አጋጥሞ ሲጫን የብዙ ሽጉጥ ምላጭ ለመሳብ የሚበቃ ጉልበት እንዳለው አግኝተዋል። ሁለት ጣቱን አጋጥሞ ሲስብ ደግሞ አፈሙዙን ወዴት እንደሚያዞረው አስቡት። ወደራሱ ነው።

በሌላ በኩል «ስሙን አታንሱበት፣ ልጅ ሲነገረው ነው የሚነቃው» የሚሉ አዛውንቶች አሉ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ይኼም አይሆንም። የዚህ ከተማ ልጆች እኮ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሀ ሁ ሳይቆጥሩ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የለዩ ናቸው። በየስልኩ ላይ ቀኑን ሙሉ ተኩስ ያያሉ። እነርሱ ነቅተዋል፤ ያልነቃነው እኛ ነን። ዝም ስንላቸው የሚማሩት ከፊልሙ ነው፤ በፊልሙ ላይ ደግሞ የተመታው ሰው በሚቀጥለው ክፍል ተነሥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ይማሩ ካልን እንዴት ነው የሚማሩት? አሜሪካኖቹ ከ1988 ጀምሮ ለትንንሽ ልጆች የሚያስተምሯት አጭር ቃል አለቻቸው፦ ቁም፤ አትንካ፤ ራቅ፤ ለትልቅ ሰው ንገር። ቃሏ ጥሩ ናት፤ ብንወስዳት አያሳፍረንም። ነገር ግን በ2004 ተመራማሪዎች ይህንን የተማሩ ትንንሽ ልጆችን ሲፈትኗቸው ቃሉን አንድ ሳይስቱ ይወጡታል፤ ብቻቸውን ሆነው ከመሣሪያው ጋር ሲገናኙ ግን ብዙዎቹ ያሉትን አላደረጉትም። የተሻሉት በአፍ ብቻ ያልተማሩት፣ ነገሩን ራሱን እየሠሩ የተለማመዱት፣ ሲሳሳቱም እዚያው ላይ የታረሙት ናቸው። ይኼ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። መስገድን፣ መሳለምን፣ እንግዳ ሲመጣ እጅ ማስታጠብን ለልጆቻችን በንግግር አስተማርናቸው እንዴ? እያሠራን ነው ያስተማርናቸው።

ስለዚህ አንድ መምህር መጥቶ ልጆቹን በፀሐይ ደርድሮ ለአንድ ሰዓት ቢያስተምር ጭብጨባ እንጂ ሌላ ነገር አናገኝም። ትምህርቱ በየቤቱ መሆን አለበት። አባት ወይም እናት የላስቲክ መጫወቻ ሽጉጥ አልጋ ላይ ያስቀምጥና (እውነተኛው ለማለማመጃ በጭራሽ እንዳይነካ!) ልጁን «ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ጫማዬን አምጣልኝ» ብሎ ይላከው። ልጁ ሲያየው እንዲቆም፣ እጁን ወደኋላው እንዲያደርግ፣ ታናሽ እኅቱ ካለች እጇን ይዞ እንዲወጣና ለትልቅ ሰው እንዲናገር ያለማምደው። በሌላ ቀን ኮመዲኖው ላይ፣ በሌላ ሳምንት ሶፋው ሥር። ልጁ መጥቶ ሲናገር «ጎበዝ! ደግ አደረግህ!» ይባል። አንዴ አድርጎ መተው አይጠቅምም፤ ልጅ ይረሳል።

«አትንካ፣ አያ ጅቦ ይበላሃል» የሚለውን የማስፈራሪያ ዘዴ ደግሞ ለእንቅልፍ ተዉት። ልጁ አንድ ቀን ነክቶት አያ ጅቦ ያልመጣ እንደሆነ የተናገርነው ሁሉ ውሸት ሆኖ ይቀራል። እውነቱን በአጭሩ መንገር ይሻላል፦ ይኼ ሰው ይገድላል፣ የተገደለ ሰው አይመለስም፣ አንተ አልነካህም ማለት ማንም አልሞተም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዱላው ልመለስ፤ በስብሰባው ላይ ያልተነሣው ዋናው ነገር ይኼ ነው። ልጁን «ስታይ ንገረኝ» እንለዋለን። ሲነግረን ምን እናደርጋለን? «ምን ልታደርግ እዚያ ገባህ? ማን ግባ አለህ?» ብለን ጆሮውን እንቆነጥጠዋለን። ያ የቡናው ዕለት ልጅ እኮ፣ በሱ አስተሳሰብ፣ ያገኘውን ነገር ለትልቅ ሰው ሊያሳይ ነው የመጣው። አያያዙን ማንም ስላላስተማረው በእጁ ይዞት መጣ። በአርባ ዱላም ተሸኘ። ከእንግዲህ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ ወሬውን ሰምተዋልና፣ መሣሪያ ቢያዩ ለማን ይናገራሉ? ለማንም። ሁለት ሦስት ሆነው ከቤት ጀርባ ይዘውት ይሄዳሉ። ስለሆነም ለጉባኤው ከማቀርባቸው ሐሳቦች አንዱ ይኼ ነው፦ መሣሪያ ወይም ጥይት አይቶ የተናገረ ልጅ፣ የት ገብቶ እንዳየው ሳይጠየቅ፣ አይገረፍም፣ አይሰደብም። የገዛ ልጄን ብቀጣ ማኅበሩ ምን አገባው የሚል ሰው ይነሣል፤ አውቃለሁ። ያገባዋል። ጥይቱ የጭቃ ግድግዳ በስቶ የሚያልፈው ወደኛ ነው።

ቀጥሎ ስለ ቁልፍ። በዚህ ሰፈር ውስጥ መሣሪያ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ እኛ ካወቅናቸው ሌባም ልጅም ያውቃቸዋል። ፍራሽ ሥር፣ ቁምሳጥን አናት፣ የእህል ጆንያ ውስጥ፣ ከበር ጀርባ በካፖርት ተሸፍኖ። መደበቅና መቆለፍ አንድ አይደሉም። በኮሚቴው ውስጥ ካሉት ሁለት ሴቶች አንዷ የተናገሩት ነገር ከሁላችን ንግግር ይበልጣል፦ «አልጋ የማነጥፈው እኔ ነኝ፤ በየጠዋቱ ብረት አነሣለሁ፣ ብረት አስቀምጣለሁ፤ የጎረሰ ይሁን ያልጎረሰ አላውቅም፤ አስተምሮኝም አያውቅም።» ወንዶቹ ሳቁ። ምን ያስቃል?

መሣሪያ ለያዛችሁ አንድ ነገር ላሳስባችሁ፤ የወታደር ቤት ሰዎች ያውቁታል፣ ገዝቶ የያዘው ነጋዴ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ካዝናው ወጣ ማለት መሣሪያው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቀድማ የጎረሰች አንዲት ጥይት ውስጥ ትቀራለች። ለልጅ ደግሞ አንዲት ትበቃዋለች። «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ እኮ» እያለ ከዱቄት ያላነሰ የሚነጣ አባት እንዲኖረን አንፈልግም። ስለዚህ ካዝናው ከወጣ በኋላ ተከፍቶ በዓይንም በጣትም ይታይ። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት አራት ነገሮችን መርምሮ አራቱም እያንዳንዳቸው ልጆችን ከአደጋ እንደሚያርቁ አግኝቷል፦ መሣሪያው ባዶ ሆኖ መቀመጡ፣ መቆለፉ፣ ጥይቱም መቆለፉ፣ ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ መቀመጡ። ከዚህ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ሊሠራው የሚችል አንድ እንኳ የለም። ሁሉም የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

«ሌሊት ሌባ ቢመጣስ? ሳጥን ስከፍት ያርደኛል» ይባላል። ይኼ ክርክር ቀላል ስላልሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም፤ በቀደም ሌሊት እንኳ ከታችኛው መንገድ ሁለት ቤት ተሰብሯል። ግን እንመዛዝነው። ሌባው በዓመት አንዴ ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ልጁ ግን ሦስት መቶ ስልሳ አምስቱንም ቀን ቤት ውስጥ ነው። ሳጥኑ ከራስጌ ይሁን፣ ቁልፉ አንገት ላይ ይሁን፤ ለሌሊት ያስፈለገው ሰው ሲተኛ አውጥቶ ሲነሣ ይቆልፍ። ቀን ቀን ሱቅ ውሎ፣ ሽጉጡን ለልጅና ለፍራሽ ትቶ፣ «ለሌባ ነው» ማለት ግን ሌባ ቀን ሲመጣ ልጁ ይታኮስ ማለት ነው።

ዋጋውን ያነሣም ነበር። ሳጥኑ ተወደደብን አሉ! ለመሣሪያው ያንን ሁሉ ገንዘብ ቆጥሮ የሰጠ ሰው፣ ጥይቱን በነጠላ እየገዛ ለሠርግ ወደ ሰማይ የሚረጭ ሰው፣ የብረት ሳጥንና ጓጉንቸር ተወደደብኝ ሲል ምን ይባላል? የአንድ ሠርግ ተኩስ ዋጋ ሳጥን ያሠራል፣ ትርፉም ለልጁ ጫማ ይገዛል። ሰማይ ላይ የተተኮሰው ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም። ተመልሶ ይወርዳል፤ ቆርቆሮ ይበሳል፤ ሰው ይገድላል። ልጆች ደግሞ እልል እየተባለ ሲተኮስ ያያሉ። ጠዋት «መሣሪያ መጫወቻ አይደለም» ብለን መክረን ማታ በዳስ ውስጥ ስንጫወትበት ካዩን የትኛውን ይመኑ?

የክብር ነገርም ተነሥቷል። «አባቶቻችን ያወረሱን ነው፣ ወንድ ልጅ ከብረት ጋር ካላደገ ወንድ አይሆንም» ተባለ። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላን ይህችን ከተማ በቦምብ ሲደበድብ አባቶቻችን ያነሡት ጠመንጃ ክብር ነበረው፤ ከዚያ ጠመንጃ ጋር ማንም ጠብ የለውም። ግን እነዚያ ሰዎች ጠመንጃቸውን ወልውለው፣ አፈሙዙን ጠብቀው፣ ጥይቱን በዝናር ቆጥረው ነበር የሚይዙት፤ አንድ ጥይት ቢጎድል ያውቁ ነበር። ዛሬ ስንት ጥይት ቤቱ እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው ስለነሱ ክብር የሚያወራልን። አባቶች «ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ያሉትም ልጅ እጅ ውስጥ የሚገባው እንጨት በነበረበት ጊዜ ነው።

እንግዳን በሚመለከት፦ ከገጠር ዘመድ ሲመጣ ክላሹን ከሳሎን ግድግዳ አስደግፎ ይቀመጣል፤ «ተቀበሉት» ማለት ነውር ይመስለናል። ነውር የለውም። ካፖርቱን እንደምንቀበለው ብረቱንም በአክብሮት ተቀብለን፣ ራሱ ባዶ አድርጎት፣ ቆልፈን ሲሄድ እንመልስለት። ዘበኞቻችንም ውሃ ሊቀዱ፣ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ መሣሪያ በር ላይ አቁመው እንዳይሄዱ የቀጠሯቸው ሰዎች ይንገሯቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መጠየቅ ያለማወቃችን ነው። ልጆቻችን በዚህ ሰፈር የሚያድጉት በአንድ ቤት አይደለም፤ ጠዋት አንዱ ጋ ቁርስ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ጨዋታ። ደስ ይላል፤ ይኼ እንዲቀር አልፈልግም። የሰው ቤት ስንሄድ ግን በር ላይ ቆመን ምንድን ነው የምንለው? «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» እንላለን። ማንም አይቀየመንም፤ ባለቤቱም እየሮጠ ወጥቶ ውሻውን ያስራል። እንግዲያው «እትዬ፣ ልጄ እናንተ ጋ ሊጫወት ነው፤ ቤት ውስጥ ብረት ካለ ተቆልፏል ወይ?» ብንል ምን ነውር አለው? ውሻው ቢነክስ ይታከማል።

ጥይትን በተመለከተም ላሳስብ። ጦርነቱ በኛ በኩል ካለፈ ወዲህ በየጫካው፣ በየቦዩ ልጆች ጥይትና ምንነቱ የማይታወቅ ብረት ያገኛሉ። እንደ ብይ ይጫወቱበታል፤ ለቆራሌው ሊሸጡት በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ ከሰል ምድጃ ውስጥ የሚጥሉም አሉ። ጥይት ለመፈንዳት ጠመንጃ አያስፈልገውም፤ እሳት ይበቃዋል። ወድቆ ያየ ልጅ እንዳይነካው፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለትልቅ ሰው እንዲናገር፣ ትልቁም ሰው ራሱ ሳያነሣው ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ይሁን።

በስብሰባው ላይ አንዳንዱ ሰው ዝም ያለው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ስሙ እንዳይወጣ ይፈራል። ማኅበሩ ቆጠራ አያካሂድም፤ የማንንም ስም አልጽፍም። የፈቃዱን ነገር የሚመለከተው ሰው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዶ ያስተካክል። ነገር ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚያስቀጣ መሆኑን ባለ ፈቃዱም ይወቀው። ፈቃድ ፍራሽ ሥር ለማስቀመጥ አልተሰጠም።

ለጉባኤው በድምፅ የሚቀርቡት እንግዲህ እነዚህ ናቸው። መሣሪያ ያለበት ቤት ሁሉ የሚቆለፍ ሳጥን እንዲኖረው፣ ጥይቱም ለብቻው እንዲቆለፍ፤ የልጆች ትምህርት በየቤቱ በተግባር እንዲሰጥና ያቺ በሕክምና ሥራ ላይ ያለች እህታችን ለወላጆች፣ በተለይም ለእናቶች፣ እንድታሳይ፤ አይቶ የተናገረ ልጅ እንዳይመታ፤ በቅሬአችን ድንኳን ሥር፣ ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ ተኩስ እንዲቀር። በመጨረሻው ላይ ብዙ ጩኸት እንደሚኖር ስለማውቅ በመጀመሪያ እንዲቀርብ ሊቀመንበሩን ጠይቄአለሁ።

አቅም ለሌላቸው አባላት የሳጥኑ ዋጋ ከቅሬው ገንዘብ ተበድሮ በየወሩ ከመዋጮ ጋር የሚከፈልበትን መንገድ ገንዘብ ያዡ አጥንቶ ያቀርባል። ከመስጊዱ በታች ያለው ብየዳ ቤት አሥር ሳጥን በአንድ ጊዜ ከታዘዘው ዋጋ እንደሚቀንስ በቃል ነግሮኛል፤ ስለዚህ የምትፈልጉ ስማችሁን ሳይሆን የሳጥን ብዛት ብቻ ጽፋችሁ በሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ።

ጉባኤው የፊታችን እሑድ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት በቅሬው አዳራሽ ይጀመራል። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ የሚመጣ በቅጣት ይመዘገባል። ሚስቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቤት የሚጠብቅ ከተፈለገ ባል ይጠብቅ። ልጅ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ መሣሪያ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

የማኅበሩ ጸሐፊ